ያልታየው የጆሮ ጌጥ

ነገሩ የስምንት መቶ ዲናር ነገር ነበር። ዓርብ ከምሳ በኋላ መጋረጃውን ዘግቶ ጋደም ሲልና እንቅልፍ እምቢ ሲለው፣ ሙዛሂም ከሁሉ አስቀድሞ የያዘው ይህንኑ ቁጥር ነው፤ ቁጥር ሲይዙት ይያዛል፣ ሌላው ነገር ከእጅ ያመልጣል። ስምንት መቶ ዲናር የቤት ኪራይ ይከፍላል፣ የመኖሪያ ፈቃዱን ያሳድሳል፣ ለክረምቱ ማሞቂያ ናፍጣ ይገዛል፣ ይህን ሁሉ አድርጎም ለአንድ ሽማግሌ ኪስ ይተርፋል። በትውልድ ከተማው ባስራ የሌላ ሰው ቀለም ጣሳ ተሸክሞ ሥራ የጀመረ፣ በኋላ የራሱን የማስታወቂያ ሰሌዳ ሱቅ የከፈተ፣ ያንን ዘግቶ፣ አገሩን ትቶ አማን ሲገባም እንደገና ከባዶ እጅ ተነስቶ ሌላ ሱቅ ያቋቋመ ሰው ነው። የማንንም ላብ አልበላሁም ይል ነበር፤ እስከዚህ ሳምንት ድረስ ይህን ሲል የሚከራከረው አልነበረም። አሁን ግን የእህቱ ድምፅ ትራሱ ውስጥ የገባ ይመስል በየትኛውም ጎኑ ቢገላበጥ ይሰማዋል። «እኔ ታዲያ ለማን ነበር የተቀመጥኩት?» አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለው ነበር።

የነገሩ መነሻ የወይዘሮ ሪማ ሰገነት ነው። ሪማ ጡረታ የወጣች የሥዕል መምህርት ናት፤ ዓርብ ዓርብ ጠዋት ሉዌይብዴ ሰፈር ያለው ቤቷ ሰገነት ላይ ታብሌት ያለው ሁሉ ይሰበሰባል፣ አንዱ ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ ሌሎቹ ዙሪያውን ከበው በነጻ እጅ ይስሉታል። ፎቶ አይነሳም። የተቀመጠው ሰው ከተነቃነቀ እንደተነቃነቀ ይሳላል፣ ፀሐይ ከዞረች ጥላው እንደዞረ ይሳላል። ሲጨርሱ ታብሌቶቹ መሐል ጠረጴዛ ላይ ይዘረጋሉ፤ የሥዕል ፕሮግራሙ እያንዳንዱን መስመር ከመጀመሪያዋ ጀምሮ መዝግቦ ስለሚይዝ፣ ሥዕሉ ከባዶ ገጽ ተነስቶ ሲያድግ እንደ አጭር ፊልም ሆኖ ይታያል፤ የተሳሳተው፣ የተሰረዘው፣ ሦስት ቦታ ተተክሎ የተነቀለው አፍንጫ ሁሉ አይቀርም። የሰገነቱ ደስታ ያ ነው። ታክሲ ነጂው ቱርኪ የሰው ስህተት ሲያይ አንጀቱ ይርሳል፤ «ኧረ ይሄ አፍንጫ መንጃ ፈቃድ አለው? እዚህ ተነሳ፣ እዚያ ቆመ፣ ዞሮ መጣ!» ይላል። የሙዛሂም ፊልም ሲመጣ ግን ዝም ይል ነበር፤ ከግንባር እስከ አገጭ ብዕሩን ሳያነሳ በአንድ መስመር ይወርድ ነበርና። የባስራ መስመር ብለው ስም አውጥተውላት ነበር። ነበር። ካለፈው ክረምት ወዲህ ቀኝ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ብዕሩ መስታወቱን ሲነካ መስመሩ በእግሯ ቀለም ነክታ እንደምትሄድ ጉንዳን ይሆናል። ፕሮግራሙ የተንቀጠቀጠውን የሚያስተካክልበት ነገር አለው፤ ሞከረው፤ ያገኘውን ፊት ሁሉ እንቁላል አደረገበት። ለማንም አልነገረም። ፊልም የሚታይበት ሰዓት ሲደርስ ባትሪዬ አለቀ ይላል። «ሐጂ፣ ያንተ ባትሪ ከእኔ መኪና ባትሪ ባሰ እኮ» ይለዋል ቱርኪ፣ «ግዛና ተገላገል እንጂ፣ ገንዘቡን ከፈንህ ውስጥ ልትቋጥረው ነው?» ሰው ይስቃል። ሙዛሂምም አብሮ ይስቃል፣ እጁን ጉልበቱ ሥር አድርጎ።

ከዚያ ሪማ የኤግዚቢሽኑን ነገር አመጣች። እያንዳንዱ ሰው የሚወደውን አንድ ሰው ይሳል፤ ከሕይወት፣ በነጻ እጅ፤ ሥዕሉ በቤቷ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፣ ፊልሙ አጠገቡ ይታያል፤ ለበለጠው አንድ ሆቴል የሚያሠራ ነጋዴ ስምንት መቶ ዲናር ይሰጣል። ሙዛሂም እህቴን ነጂባን እስላለሁ አለ። «ነጂባ ባስራ አይደለችም እንዴ?» አለ ቱርኪ። «ባስራ ናት።» «ታዲያ ሂዳ! አውሮፕላኑ አንዴ ሻይ አቅርበው ስኒውን ሳይሰበስቡ ያርፋል።» ሙዛሂም እዚያው ተቀምጦ በልቡ አሰላው፤ ትኬቱን፣ ለእህት ልጅና ለጎረቤት የሚያዘውን ስጦታ፣ ፈቃዱ ሳይታደስ ወጥቶ ድንበር ላይ ቢመልሱት የሚደርስበትን፣ ተራ ቁጥር ይዞ ከመስኮት ወደ መስኮት የሚያባርሩትን ቀኖች። ውድ ነው። በቪዲዮ ስልክ እስላታለሁ አለ። ሪማ ትንሽ አሰበችና «እሷ እዚያ ተቀምጣ፣ አንተ እዚህ እያየሃት ከሆነ ከሕይወት ነው» አለችው። እያየሃት ከሆነ። አሁን ጣሪያውን እያየ ቃሏን መልሶ መላልሶ ይሰማዋል፤ መሄድ ይችል ነበር፤ ጉልበቱም ገንዘቡም ነበረው፤ ቆጥቦ ነው የቀረው፣ ከቆጠበውም ላይ ደግሞ ሌላ ቆጠበ።

የመጀመሪያው ቀን፤ ነጂባ ጀርባዋን ያማታል፤ ልጇ ሱንዱስ መደገፊያ ያለው ወንበር አመጣችላት፣ እሷ ግን መደገፊያ የሌለውን ዱካ መረጠች። «ተደግፌ ብሳል የታመምኩ እመስላለሁ» ትላለች። ሱንዱስ ስልኩን በኮምጣጤ የተዘፈዘፈ አትክልት ማሰሮ ላይ አስደግፋ ታቆመዋለች፤ መብራት ይጠፋል፣ የሰፈሩ ጄኔሬተር ያጓራል፣ ምስሉ ተመልሶ ይመጣል፣ ነጂባ ከቦታዋ አልተነቃነቀችም። «ልናገር ወይስ ዝም ልበል?» «ዝም በይ፣ አፍሽ እየተነቃነቀ ነው።» «ይሄ አፍ ከተወለደ ዝም ብሎ አያውቅም፣ ላንተ ብዬ ነው፣ ወንድምዬ።» እሱም ሳለ። ግንባሯ ላይ ጉንዳኗ ሄደች። ሰረዘ። እንደገና ሄደች። ሰረዘ። ስልኩ ውስጥ እህቱ ልትስቅ ትንሽ ቀርቷት፣ አንድ ቅንድቧን አንስታ፣ ልጅ ሳሉ እናታቸው ፀጉሯን ስትጎነጉናት እንደምትቀመጠው ተቀምጣለች፤ እሱ ታብሌቱ ላይ ያለችውን የማያውቃትን የተንቀጠቀጠች አሮጊት ያያል። ያን ጊዜ ነው የስልኩን ምስል በፎቶ ያስቀረው። ለጥላው ብቻ አለ። በነጋታው ፎቶውን አሳድጎ ታብሌቱ ላይ ከሥር አነጠፈው፤ ፕሮግራሙ ገጾችን እንደ ስስ ወረቀት አንዱን በሌላው ላይ ይደራርባል፣ ከሥር ያለው ይታያል፣ ከላይ ይሳላል። መስመሯን ተከትሎ በጥቃቅን ጭረት፣ ትንፋሹን ይዞ፣ አንዲት ሽፋሽፍት ሳያስቀር ገለበጣት። እንዲህ ሲሠሩት መንቀጥቀጡ አይታይም። ሲያዩት ያምራል። በጣም ያምራል።

በቃ ጨርሻለሁ ሊላት ይችል ነበር። አላላትም። ሥራው በአንድ ጊዜ አለቀ ቢል ማን ያምናል? ብሎ ለራሱ ይነግራል፤ ግን ይህ ከምክንያቶቹ ትንሹ ነው፣ ትልቁን ሲነካው ዓይኑን ይጨፍናል፤ ሰው ለእሱ ተብሎ መቀመጡን ወድዶት ነበር። አማን ላይ ስልክ የሚደውልለት የፈቃዱ ቢሮና የኔትወርኩ ማስታወቂያ ነው። ስለዚህ ዓርብ መጣ፣ ሌላም ዓርብ መጣ፣ ነጂባ በምሳ ሰዓት ሙቀት፣ መደገፊያ የሌለው ዱካ ላይ ተቀመጠች። ስልኩ የሻይ ብርጭቆው ላይ ተደግፎ ቆሟል፤ እሱ አንገቱን ደፍቶ ፎቶውን ይገለብጣል። ቀና አይልም። አልፎ አልፎ ግን ያዛታል፤ «ወደ ቀኝ ትንሽ። አዎ። እንደሱ። አትነቃነቂ» ይላታል፣ ሳያያት፣ እያየ ያለ ሰው ድምፅ ይዞ። እሷም ትዞራለች። ትዞራለች! ያን ጀርባ ይዛ። አንሶላውን ፊቱ ላይ ጎተተው፤ አንሶላ ሥር ደግሞ ድምፁ ጎልቶ ይሰማል፤ «አትነቃነቂ።»

ፎቶውን ማክሰኞ አጠፋው። ጠፋ፤ ፈለገው፣ የለም፤ እፎይ አለ። ሰገነቱ ላይ ከሥሩ ፎቶ የሚያነጥፍ ሰው ኖሮ ስለማያውቅ፣ ፊልሙ ከመስመሩ ሌላ ፎቶውንም እንደሚመዘግብ ያየ ሰው አልነበረም። ከዚህ በፊት ቀጣፊ ኖሯቸው ቢሆን ሙዛሂም ይማርበት ነበር። ረቡዕ ሥዕሉን አሳትሞ ለሪማ ሰጠ፤ ከአገጭ እስከ ግንባር አየችና «ሐጂ፣ እህትህ ልትናገር ነው እኮ!» አለችው። ፊልሙን ዛሬ ማታ በሚከፈተው ኤግዚቢሽን ላይ ታብሌቱን ይዞ መጥቶ ያሳያል። ሐሙስ ደስታው አላስቀምጥ ስላለው፣ ራሱ እንኳ ቁጭ ብሎ ሳያየው፣ ፊልሙን ለሱንዱስ ላከው፤ ለእናትሽ አሳያት አላት። ሱንዱስ ደግሞ በስልክ አይን ያደክማል ብላ ቴሌቪዥኑ ላይ አገናኘችው፣ ነጂባ ጎረቤቶቿን ጠራች፣ ቴምር የተሞላ ኩኪስ ጋገረች።

ዛሬ ጠዋት፣ ሶላት ሊሄድ ጫማውን እያሰረ ሳለ ስልኩ ጠራ። ሱንዱስ ናት። «አጎቴ፣ ደህና አደርክ? ... ያ ፊልም፣ የሌላ ሰው ነገር ተቀላቅሎበት ይሆን እንዴ? መጀመሪያ ላይ የእማዬ ፎቶ ነው የሚመጣው። ከዚያ ነው የምትስለው።» የጫማው ማሰሪያ እጁ ላይ ነው። «አጎቴ? ኔትወርኩ ነው?» «አዎ፣ ኔትወርኩ...» አለ፤ ይህንንም አለ፤ ከሁሉ በላይ አሁን የሚያሳፍረው ይህች ትንሿ ውሸት ናት። ከዚያ ስልኩ እጅ ቀየረ።

«ሙዛሂም።» ወንድምዬ አላለችውም። «ሰላም ነሽ?» «ሰላም ነኝ። ሴቶቹ በጣም አደነቁ። ኡሙ ቃሲም እንዲያውም፣ ወንድምሽ ፎቶሽን አንጥፎ ነው እንዴ የሚስል፣ እንዲህማ እኔም እስላለሁ አለች። ሳቅን።» «ነጂባ፣ እጄ...» «ቆይ ልጨርስ። ከዚያ እኔ ብቻዬን ደግሜ አየሁት። ፎቶው የመጀመሪያው ቀን ነው፤ ጥቁሩ ሻሽ ነው። በሁለተኛው ዓርብ ጥርሴ አሞኝ ጉንጬ አብጦ ነበር። ምንም አላልክም። እንዳላፍር ብሎ ነው አልኩ። በሦስተኛው አረንጓዴውን ሻሽ አደረግኩ። የእማማን የጆሮ ጌጥ አደረግኩ፤ ሰማያዊ ድንጋይ ያለውን። ሱንዱስ መስታወት ይዛልኝ፣ ቀዳዳው ተደፍኖ ነበር፣ እየደማ ነው ያስገባሁት። አየኸኝ፣ አይደል? ወደ ቀኝ ዙሪ አልከኝ። ጌጡ እንዲታየው ነው ብዬ ዞርኩ።» ጄኔሬተሩ ከኋላዋ ያጓራል። «እኔ ታዲያ ለማን ነበር የተቀመጥኩት?» አለችና ስልኩን ለልጇ ሰጠች። ሱንዱስ ዘጋችው።

ሶላት አልሄደም። ምሳም የበላ ይመስለዋል፣ ሳህኑ ግን እንደተሞላ ነው። አንድ ነገር ደግሞ አደረገ፣ ከዚያ ሁሉ በኋላ፤ ለቱርኪ ደወለ። «አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ የሥዕል ፊልም መጀመሪያው ይቆረጣል?» «ይቆረጣል። ከጢም ይቀላል። የማን ነው?» «የአንድ ሰው።» ቱርኪ የመኪናውን ሬዲዮ አጠፋ። «ምን አለበት መጀመሪያው ላይ?» «ፎቶ።» «እሺ» አለ ቱርኪ፣ በዚያ በቀልድ ድምፁ ሳይሆን ሙዛሂም በማያውቀው ድምፅ፤ «ለዚያ ሰውዬ ንገረው። ቆርጬ እሰጠዋለሁ፣ ማንም አያውቅም። ከዚያ ዓርብ መጥቶ የእኔን አፍንጫ ፊልም እያየ ከሳቀ ግን፣ ወላሂ፣ ከሰገነቱ ነው የምወረውረው። መንገደኛ ገባብኝ፣ ሐጂ።» ተዘጋ።

ከዚያ ነው ጋደም ያለው። እንግዲህ አስላው ይላል ለራሱ፤ ዕድሜህን ሙሉ ስታሰላ ነው የኖርከው። ፊልሙ ተቆርጦ ሥዕሉ ቢያሸንፍ ስምንት መቶ ዲናር፤ ለነጂባ ግማሹን እልካለሁ፣ ጥርሷን ታሠራበታለች፤ እንዲህ ሲያስብ ትንሽ ቀለለው፣ መቅለሉ ደግሞ አስደነገጠው፤ ዱካ ላይ ለተቀመጠችበት ሊከፍላት ነው። በአባታቸው ቤት ደጃፍ የተቀመጠች የሰባት ዓመት ልጅ ይታየዋል፤ እሱ የቀለም ሥራ ለመማር በከሰል የሚስለው እሷን ነበር፣ ከእሷ ሌላ እሺ ብሎ የሚቀመጥለት አልነበረም፣ ዝንብ አፍንጫዋ ላይ ቢያርፍ እንኳ አትነቃነቅም፣ ሲጨርስ ሮጣ መጥታ «አሳየኝ! አየኸኝ?» ትላለች። እንዴት ሳልከኝ አትልም። አየኸኝ ነው የምትለው። ሰማያዊው ድንጋይ ምን ዓይነት ሰማያዊ እንደነበር ሊያስታውስ ሞከረ። የወንዙን ዓይነት? የእርሳሱን? እናቱ ጆሮ ላይ ስንት ዓመት አይቶታል። ሦስተኛው ዓርብ ላይ፣ ብርጭቆው ላይ በቆመው ስልክ ውስጥ፣ አንድ ክንድ በማትሞላ ርቀት፣ ሰዓት ሙሉ ተንጠልጥሎ ነበር። አንገት ማቅናት ነበር ዋጋው። ያንንም ቆጠበው።

ተነሳ። መጋረጃውን ከፈተ። ለሪማ ደወለ።

«አውርጂልኝ።»

«ምኑን?»

«የእህቴን ሥዕል።»

«ሐጂ፣ ምን ነክቶህ? የነጋዴው ሰዎች ቀድመው ለማየት መጥተው እኮ ከሁሉ በፊት የቆሙት እሱ ጋ ነው። ከሁሉ የሚያምረው እሱ ነው።»

«ከሥሩ ፎቶ ነበረ። ገልብጬው ነው።»

ከወዲያ ወንበር ሲጎተት ተሰማ። ሪማ የተቀመጠች መሰለው። «እጅህ ነው?» አለች በመጨረሻ። አወቀች ማለት ነው፤ ምናልባት ከክረምቱ ጀምሮ። «እጄ ነው።» «እሺ። አወርደዋለሁ። ምክንያቱን ለሰው አልናገርም፤ ብትናገር ራስህ ትናገራለህ።» ልትዘጋ ስትል ቆም አለች። «የዓርብ ወንበርህን አላነሳብህም። ባትሪህን ሞልተህ ና።» እንዲህ አለችው፣ የስልሳ ዓመት ሴት ለሰባ ዓመት ሰው፣ የቤት ሥራውን ላልሠራ ተማሪ እንደምትናገር። አመሰገናት። ምን ብሎ እንዳመሰገናት አያስታውስም።

ከዚያ ባስራ። አንዴ ጠራ፣ አልተነሳም። ሁለተኛ ጠራ። ሱንዱስ አነሳች፤ ምስሉ ላይ ፊቷ ብቻ ይታያል፣ ዓይኗ ቀልቷል። «አጎቴ፣ እማዬ ሥራ ላይ ናት።» «ስትሠራ ብስላትስ? አትቀመጥልኝ። አትዙርልኝ። እጄ ይንቀጠቀጣል በያት። እንደተንቀጠቀጠ እስላታለሁ፤ ፊልሙን አሁኑኑ እልክላታለሁ፣ ሳልነካው።» ስልኩ ተደፋ፣ ጣሪያ አሳየ፣ ቀስ ብሎ የሚዞር ማራገቢያ አሳየ። ሁለቱ ሲንሾካሾኩ ይሰማል። ከዚያ የነጂባ ድምፅ፣ ቅርብ ሆኖ፤ «የት ጋ ላቁምልህ?» «የፈለግሽበት።»

ስልኩ ተነሳና ቆመ፤ ምናልባት ያው ማሰሮ ላይ። ሙዛሂም ብዕሩን እንደያዘ ጠበቀ። የሚታየው ሰፊ ትሪ ነው፤ ትሪው ላይ ለወጥ የሚሆን አረንጓዴ ባምያ ተከምሯል፤ ከላይ በኩል ሁለት እጆች ወርደው አንዱን ባምያ ያነሳሉ፣ ጭራውን በቢላ ይቀነጥሳሉ፣ ይጥላሉ፣ ሌላ ያነሳሉ። ፊት የለም። አንገትም የለም። «ነጂባ፣ ትንሽ ወደ ላይ...» ብሎ ጀመረና ዋጠው።

ሰማችው። «ፊቴ ፎቶው ውስጥ አለልህ» አለች፣ ቢላዋ ሳይቆም። «እሱን አይተኸዋል። ይሄንን ሳል።»

«ጌጡስ?»

«ለሱንዱስ ሰጠኋት። ለሠርጓ ይሆናታል።»

ሳለ። ብዕሩ መስታወቱን ሲነካ ጉንዳኗ ተነሳች፤ አላባረራትም። እጆቹ አይቆሙም፤ አውራ ጣቷን ሲጀምር ቢላዋን ለውጣ ይዛዋለች፣ የእጅ አንጓዋን ሲከብ ትሪውን ታዞራለች፣ ሳይሰርዝ ያከታትላል፣ ሦስት አውራ ጣት ተደራረበ፣ ቱርኪ ቢያየው መንጃ ፈቃድ ይጠይቀው ነበር። ያያል ግን። ቀለበቷ የጠበበበትን ጣት ያያል። ቢላዋ ላይ የጠቆረውን ጥፍር ያያል። ግራ እጇም ትንሽ ትንሽ ይንቀጠቀጣል፤ ባምያው ከመውደቁ በፊት አንዴ ሁለቴ ይርበተበታል፤ ከመቼ ጀምሮ ነው? ሊጠይቃት አፉን ሲከፍት ምስሉ ደረቀ፣ ድምፁ ተቆረጠ፣ መብራት ሄደ ማለት ነው። ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ጠበቀ። እንደሌላው ጊዜ ምስሉ ተመልሶ ይመጣል ብሎ ጠበቀ። መስኮቱ ላይ ያለው ብርሃን ቢጫ ሆነ፣ ሰዎች ወደ ሪማ ቤት ሽቅብ ሲወጡ ይታሰበዋል፣ ግድግዳው ላይ ባዶ ምስማር። አልመጣም።

ፊልሙን ላከላት። ከባዶ ገጽ ይጀምራል። የመድረሱ ምልክት ገና አልታየም።

ከዚያ በለመደው መንገድ ሒሳቡን ዘጋ። የገባ፦ ሁለት እጆች፣ ግራው አንድ ጣት ሳይሳል የቀረው፣ ሁሉም መስመር የሚንቀጠቀጥ። የወጣ፦ ስምንት መቶ ዲናር፣ ቀለሙ የማይታወስ አንድ ሰማያዊ ድንጋይ፣ ከልጅነቷ ጀምራ ለእሱ ብቻ ትቀመጥ የነበረች አንዲት ሴት ፊት። ዲናሩን ከዝርዝሩ ሰረዘው፤ ሲሰረዝም ድምሩ ምንም አልቀነሰም።